ቆሽቱን ላለማሳረር

ባሌ በተናደደ ቁጥር የሚላት አንዲት ነገር ነበረችው፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ቆሽቴን አሳረርሽው!» ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ይቺን ያልሰማሁበት ሳምንት ካለ፣ እሱ ስልክ በማይሠራበት መንገድ ላይ የነበረበት ሳምንት ነው። እኔም መልስ ቸግሮኝ አያውቅም። «ካረረ ውሃ ጨምርበት» እለዋለሁ። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው፤ ባሌም ከእነሱ አንዱ ነበር። ጠባችንን ከፍርፍሩ ጋር ነበር የሚበሉት። አንዳንዱማ ገና በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ ሰላም ናችሁ ወይስ ቁጭ ብለን እንስማ?» ይለኝ ነበር።

በምን ትጣሉ ነበር ብትሉኝ፣ ያልተጣላንበትን ብቆጥር ይቀለኛል። በወጡ ጨው፣ እሱ በገዛው ጎማ፣ በልጃችን አለባበስ፣ ራዲዮው በሚጮኽበት ልክ። ስለምንጠላላ አልነበረም። ሌላ የጨዋታ ዓይነት አልተማርንም። ሁለታችንም ከወሎ በልጅነታችን ወጥተን እዚህ ሙቀት ውስጥ የተገናኘን ሰዎች ነን፤ ዝም ያለ ሰው ያስፈራናል።

ቆሽት የሚባለው ነገር በሰው ሆድ ውስጥ በእውነት ይኑር አይኑር አስቤበት አላውቅም ነበር። የንዴት ሌላ ስሙ ይመስለኝ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ከጅቡቲ ሲመለስ ሰመራ ላይ ምሳ ይበላል። አብሮት የተቀመጠው ጓደኛው ቀና ብሎ ሲያየው «ዓይንህ እርድ መስሏል» አለው። ቤት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ መራራ ቅጠል አጠጣሁት። ይባስ ብሎ ገላው ያሳክከው ጀመር፤ ሽንቱ ጠቆረ፤ ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ እነሱም አልትራሳውንድ አንስተው ወደ አዲስ አበባ ላኩን። አዲስ አበባ ያገኘነው ሐኪም ገና ወጣት ነው፤ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጨጓራ ሣለ፣ አንጀት ሣለ፣ ከጨጓራው ኋላ ደግሞ ረዘም ያለች ነገር ሣለና አከበባት።

«እጢው ያለው እዚህ ጋ ነው» አለን። «ቆሽቱ ላይ።»

ባሌ ዞር ብሎ አየኝ። ቢጫ ዓይኑን አፍጥጦ «አላልኩሽም?» አለኝ።

ቀልዱን ነው። ሐኪሙም ፈገግ አለ። እኔ ግን ቀልድ ሆኖ አልተሰማኝም። ሃያ ሁለት ዓመት አሳረርሽው ሲለኝ የኖረውን ነገር፣ ይኸው አርሮ በወረቀት አሳዩኝ። ሞኝነት መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን እውቀት የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረኝም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የተናገርኩትን ክፉ ቃል ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ መልቀም ያዝኩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት እንኳ አልጨረስኩም።

እጢውን ለማውጣት የተደረገው ቀዶ ጥገና ቀኑን ሙሉ ፈጀ። አልሃምዱሊላህ፣ በሰላም ወጣ። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ አስቀምጦ መከረን። እንዲህ ያለው ካንሰር ተቆርጦ ከወጣም በኋላ መመለስ ይወዳል አለ። እንዳይመለስ ዋስትና የሚሰጥ ነገር የለም፤ ዕድሉን የሚቀንስ ግን አለ። የታዘዘለትን ኬሞ ሳያቋርጥ ይጨርስ። ሲጋራ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ፤ በበላ ቁጥር ምግብ የሚፈጭለትን ክኒን ይዋጥ፤ ቆሽቱ ስለተቆረጠ ስኳሩን ይጠብቅ። በየሦስት ወሩ ለደም ምርመራ፣ በታዘዘለት ጊዜም ለሲቲ ስካን ይምጣ። ጀርባው ከታመመ፣ ከከሳ፣ ምግብ ካስጠላው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይምጣ። ይህን ሁሉ ጽፎ ሰጠን።

እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነበር። ባሌ ልብሱን ሊለብስ ሲገባ ጠብቄ «ዶክተር፣ የሚያናድደው ሰውስ?» አልኩት።

ሐኪሙ ደክሞታል፤ በሩ ላይ ሌላ በሽተኛ ቆሟል። «ብስጭት ለማንም አይበጅም እናቴ» አለኝ። «እንዳይበሳጭ አድርጉ።»

በቃ። የተጻፈውን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ይቺን ያልተጻፈችውን ግን ልቤ ላይ ለጠፍኳት። ሌላውን ምክር ሁሉ ሐኪም ነው የሚያደርገው፣ መድኃኒት ነው የሚያደርገው። ይቺ አንዷ ግን የእኔ ድርሻ ሆና ታየችኝ።

አዋሽ እንደገባን አዋጅ አወጣሁ። ልጄን፣ ጎረቤቱን፣ ምግብ ቤት የሚገባውን ሾፌር ሁሉ እየጠራሁ «ይህን ሰው ያናደደ ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ» አልኩ። ሰውም ጉድ ነው፣ ተቀበለኝ። ማንም ማብራሪያ አልጠየቀኝም። ቆሽቱን ታሞ እንዴት ቆሽቱ ይረር? ለአማርኛ ተናጋሪ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሕክምና የለም።

ኬሞውን ስድስት ወር እየተመላለሰ ጨረሰ። ቤታችንም ጸጥ አለ። የሚደግፈው ቡድን ከተሸነፈ መብራት ጠፋ ብለን ቴሌቪዥኑን እንነቅላለን። ሰመራን አልፎ ሰርዶ አካባቢ ያ ሲነዳው የኖረው ባለ ተሳቢ መኪና በሌላ ሾፌር እጅ ተገለበጠ፤ ሾፌሩ ደህና ወጣ፤ ወሬው ከጅቡቲ እስከ ናዝሬት ተዳረሰ፤ እሱ ብቻ አልሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሾፌሮቹ እፊቱ ሲቀመጡ መንገዱ ሰላም፣ መኪናው ሰላም፣ አገሩ ሰላም ይሉታል። አንድ ቀን «ይሄ መንገድ እኔ ከወጣሁበት ወዲህ ጀነት ሆነ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሁሉም ሻያቸው ላይ አጎነበሱ።

እኔም ምላሴን ነክሼ ዋልኩ። ምን ያህል እንደሚያም የሚያውቀው የእኔን ዓይነት ምላስ ያለው ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ይፈትነኝ ጀመር። አንድ ቀን ሽሮውን ቀምሶ «ይሄ ምንድን ነው? የመተሐራን ጨዋማ ሐይቅ ነው የጨመርሽበት?» አለኝ። ድሮ ቢሆን ሳህኑን አንስቼ «እንግዲያው ሐይቁ ዳር ሄደህ ብላ» ነበር የምለው። «እሺ፣ ሌላ ልሥራልህ» አልኩት። እጁን ከሳህኑ አነሳ። «ሐኪሙ ምን ብሎሽ ነው?» አለኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን እሺ ትያለሽ?»

ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ። ጓደኛው በኋላ እንደነገረኝ «ሚስቴ እሺ ማለት ጀምራለች፣ ሳልሞት አልቀርም» ብሎ እየሳቀ አውርቶለታል። ሳቁ የእውነት እንዳልነበረ ጓደኛውም ገብቶታል።

ዓመት ካለፈው በኋላ የመኪናዎቹ ባለቤት ሰመራ ያለው ግቢ ውስጥ ሥራ ልስጥህ አለው፤ ተቀምጦ የሚገቡና የሚወጡ መኪናዎችን መመዝገብ ነው። እሱ ደስ አለው። እኔ ልቤ አልወደደም። የሰመራን ሙቀት አውቀዋለሁ፤ ከአዲስ አበባ ሐኪሙ ይበልጥ ይርቃል፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ የሚያበላው ማን ነው? ክኒኑን ማን ያስታውሰዋል? ይህን ሁሉ አሰብኩ። አትሄድም ብዬ በሩ ላይ ልተኛ የሚገባኝ ቀን ያ ነበር። «እሺ» አልኩት።

እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ። የሦስት ወር ቀጠሮው ሲደርስ ብቻውን አዲስ አበባ ሄዶ ደም ሰጥቶ፣ ውጤት ሳይጠብቅ ተመልሶ «ሰላም ነው» ብሎ ደወለልን። በአምስተኛው ቀን ከሆስፒታሉ ስልክ ተደወለ፤ እሱ መንገደኛ ስለነበር ካርዱ ላይ የተጻፈው የእኔ ቁጥር ነው። ደሙ ውስጥ ያለው የካንሰሩ ምልክት ከፍ ብሏል፣ ሳይዘገይ ለሲቲ ስካን ይምጣ አለችኝ የደወለችው ልጅ። ድምፅዋ የቀጠሮ ሰዓት የምትነግር ዓይነት ነበር።

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። የልጃችን ኒካህ ሊደርስ አሥራ አራት ቀን ቀርቶታል፤ እሱ ደግሞ ከዚያ ሌላ ወሬ የለውም፤ ከሰመራ እየደወለ ስለ ድንኳኑ ይጠይቀኛል። አሁን ብነግረው ቆሽቱ ድብን ይላል፤ ድብን ካለ ደግሞ ያ ነገር ይነሳል። አስተሳሰቤ ይኸው ነበር። ካንሰሩ እንዳይመለስ፣ ካንሰሩ ተመልሶ ሊሆን ይችላል የሚለውን ወሬ ደበቅሁት። ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን ብዬ ለልጄም ለማንም አልተነፈስኩም።

ከኒካሁ አራት ቀን በፊት ላመጣው ሰመራ ሄድኩ። ሚኒባሱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀቅሎኝ አወረደኝ። የግቢው ዘበኛ ሸምገል ያሉ አፋር ናቸው። ሰላምታ ሰጥቼ ላልፍ ስል በበትራቸው ወደ ጥላው አመለከቱኝ፤ «ነይ ቁጭ በይ፤ ዳጉ» አሉኝ። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ሳይባባል፣ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ይነግርሃል፤ መጨመርም መደበቅም ነውር ነው። አዋሽ ስኖር ስንት ዘመኔ፣ ይህን አውቃለሁ፤ ግን እኔን ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም።

«ባልሽን ያየሁትን ልንገርሽ» አሉኝ። «ምሳ ይመጣለታል፣ አይበላም፣ ለፍየል ይሰጣል። ሁለት ወር ሆነ። ከሰዓት በኋላ ትራስ ሆዱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል፤ እንደዛ ካልሆነ አይችልም። ይሄን አየሁ። ውስጥ ሲያቃስት ሰማሁ። ሌላ አላየሁም፣ ሌላ አልሰማሁም።»  ከዚያ «አንቺስ? ከአዋሽ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ።

 «ሰላም ነው አባባ፣ ምንም የለም» አልኳቸው።

«ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተሽ፣ ምንም?»

«ምንም።»

በትራቸውን አነሱ። ያልነገርኳቸው ነገር እንዳለ አውቀዋል። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

ባሌ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ እንዳየኝ ትራሱን ከሆዱ ላይ ወርወር አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል። ጠረጴዛው ላይ የሲጋራ ፓኬት አለ። ሻዩን ቀመስኩት፤ ስኳር ነው። የክኒኑ ዕቃ ከእኔ እጅ ሲወጣ እንደነበረ ሙሉ ነው። ሐኪሙ ለየቀኑ ከጻፈው ውስጥ አንዱም አልቀረም፣ ሁሉም ተጥሷል፤ ሁሉንም በአንድ እይታ አየሁት። 

«ምነው ከሳህ?» አልኩት ብቻ።

«ሙቀቱ ነው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

ኒካሁ አማረ። እሱም አዲሱን ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሰፋ ስለሚል መክሳቱ ሳይታይበት፣ ልጁን ዳረ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ ሲያደርጉ እጁን ዘርግቶ አሚን ሲል አየሁት፤ አሚን ባለ ቁጥር ወደ ፊት ጎንበስ ይላል። ሰው አክብሮት መሰለው።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ሲፈርስ አጠገቡ ተቀምጬ ነገርኩት። ስልኩን፣ ቀኑን፣ ልጅቷ ያለችኝን። አልጮኸም። «መቼ ነው የደወሉት?» አለኝ።

«አሥራ አምስት ቀን ሆነ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔን ከጀመረኝ ሁለት ወሩ ነው» አለ። «ጀርባዬን። ሐኪሙም ሲጠይቀኝ ምንም የለም አልኩት፤ ላንቺ ደውሎ ይነግርሻል ብዬ።»

«ለምን?»

«አንቺ እሺ ማለት ከጀመርሽ ወዲህ የምትችይ አልመሰለኝም» አለኝ። «ፈራሁልሽ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በእኛ ቤት የደበቀው በሽተኛው ብቻ አልነበረም።

አዲስ አበባ ሲቲ ስካኑን ካነሳን በኋላ ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረልን። ጉበቱ ላይ ነጠብጣቦች አሉ። ተመልሷል አለን። እኔ ያን ጊዜ የወጣኝ ቃል ዛሬም ያሳፍረኛል። «እንዴት ይመለሳል? አንድ ቀን እኮ አናድደነው አናውቅም!» አልኩት።

«ንዴት ምን አገናኘው?» አለኝ።

«አንተ ነህ እኮ እንዳይበሳጭ አድርጉ ያልከኝ!»

ትክ ብሎ አየኝ። አያስታውሰውም። እውነቱን ነው፤ በር ላይ ቆሞ ለስንት ሰው ስንት ነገር ይላል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት፣ ቆሽቴ አረረ የሚባለው አባባል ነው አለኝ። ቆሽት በንዴት አያርርም፤ ይህ በሽታ በሚስት ምላስ አይመጣም፤ ሚስት ዝም ስላለችም አይቀርም።

ባሌ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ ሳቁ ጀርባውን እስኪያመው፣ ጠረጴዛውን እስኪይዝ ድረስ። «ሁለት ዓመት ሙሉ!» ይላል። «ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ጠብ!»

እኔ አልሳቅሁም። አሥራ አምስቱ ቀን፣ ሁለቱ ወር፣ ሲጋራው፣ ክኒኑ፣ ባይሆን ኖሮስ ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ አሥራ አምስቱ ቀን ምንም አይለውጥም አለ። ስለ ሁለቱ ወር አላውቅም አለ። ሲጋራውን መተዉም ክኒኑን መዋጡም ለአካሉ ይጠቅመው ነበር፤ ግን ሁሉን በልኩ አድርገውም የተመለሰባቸው ሕመምተኞች አሉኝ አለ። ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር። ጥፋቱ ያንቺ ነው ቢለኝ፣ ወይም ምንም ጥፋት የለብሽም ቢለኝ፣ አንዱን ይዤ ቤቴ እገባ ነበር። አላውቅም የሚለውን ግን የት አስቀምጬው ልኑር?

ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ናዝሬት ስናልፍ ፈነዳሁ። በሲጋራው ጀመርኩ፣ ለፍየል ወደ ሰጠው ምሳ አለፍኩ፣ ሰርዶ ላይ ስለተገለበጠው መኪና ነገርኩት፣ ስለ ኳሱ ነገርኩት። እሱም አልተኛልኝም፤ ማን አድርጎሽ ነው ስለ እኔ የተደወለውን ስልክ የምትደብቂው አለ፤ ሽሮሽም ድሮም አይጥመኝም አለ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አዞረ። ኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ተዉ ልጆቼ፣ ሸይጣንን አታስደስቱ» እያሉ ለመኑን። መተሐራ እስክንደርስ ተጣላን። እዚያ ስንደርስ ሁለታችንም የምንለው አለቀብን። መስኮቱን ከፈተልኝ፤ ላብ በላብ ሆኜ ነበርና።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም አንደባበቅም። ሁለተኛው ኬሞ ተጀምሯል፤ ሐኪሙ ለማዘግየት ነው እንጂ ለማጥፋት አይደለም ብሎ ፊት ለፊት ነግሮናል፤ ሁለታችንም ሰምተናል። ባሌ የሚሰማውን ሁሉ ይነግረኛል። ዛሬ ጠዋት ምግብ ቤቱን ሳልከፍት «ሕመሙ ወደ ግራ ዞሯል» አለኝ።

«የት ጋ?»

እጄን ያዘና ጀርባው ላይ፣ ከጎድኑ ሥር አስቀመጠው። ከሸሚዙ በታች የሚሞቅ ገላ ብቻ ነው፤ የሚነካ ነገር የለም። ይኸው፣ የት እንደሚያመው አወቅሁ። «እዚህ ጋ?» አልኩት፤ «አዎ» አለኝ። ውጭ ሾፌሮቹ በሩን እያንኳኩ ነው። እጄን ከዚያ አላነሳሁትም፤ ሌላ የማደርግለት ነገር አልነበረኝም።